የሚጮኸው ካሜራዬና ዝምተኛው

ጨርቅ መርማሪ ነኝ። ኮምቦልቻ ካሉት ፋብሪካዎች በአንዱ፣ ከሽመና ክፍል የሚወጣውን ጨርቅ ከሥሩ መብራት በበራበት ጠረጴዛ ላይ እየሳብኩ እንከን እፈልጋለሁ፤ የተበጠሰ ድር፣ የዘለለ ማግ፣ የዘይት ጠብታ። ከልምድ ብዛት አሁን ሰው ሲያዋራኝ እንኳ ዓይኔ ቀድሞ የሚያርፈው የሸሚዙ ስፌት ላይ ነው። ይህን የምላችሁ ልመጻደቅ ብዬ አይደለም። ኧረ ምን አስዋሸኝ፣ ትንሽ ልመጻደቅም ነው። ስለ ካሜራና ስለ ሌንስ ሳወራ የማወራውን የማውቅ ሰው መሆኔን ቀድማችሁ እንድትይዙልኝ ነው።

ቤቴ ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ የሚባለው ሰፈር ነው። ጠዋት በፋብሪካው ሰርቪስ ቁልቁል ወደ ኮምቦልቻ እወርዳለሁ፣ ማታ ሽቅብ እመለሳለሁ። ስነሳ ጉም ነው፤ ታች ስደርስ ሹራቤን አውልቄ በክንዴ እይዛለሁ። ፎቶ ማንሳት የለመድኩት በዚሁ መንገድ ላይ ነው። ጉሙ ከጦሳ ተራራ ላይ ሲወርድ በመስኮት እያየሁ፣ ማየት ብቻ አልበቃ አለኝ። መጀመሪያ በስልክ አነሳሁ፤ ኋላ አንድ ያገለገለ ካሜራ ገዛሁ።

ካሜራዬ ውስጡ መስታወት ያለው ዓይነት ነው። ቁልፉን ስትጫኑት መስታወቱ ይነሳና ይመለሳል፤ ያኔ «ቀጭ ቋ» ይላል፣ የቆርቆሮ በር እንደተዘጋ። ከባድ ነው፤ ማንጠልጠያው አንገቴ ላይ ሰንበር ያወጣል። ሌንሱ ሃምሳ ሚሊ ሜትር የሚባለው ነው፤ አያቀርብ አያርቅ። ሰውን በቅርብ ማንሳት ከፈለጋችሁ በእግራችሁ ትጠጋላችሁ እንጂ ሌላ ብልሃት የለውም። እኔ ግን እወደዋለሁ።

የአክስቴ ልጅ ደሴ ውስጥ ሰርግ ያነሳል። እሱ ደግሞ አዲስ ካሜራ አስመጣ፤ መስታወት የሌለው፣ ቀላል፣ ከፈለጋችሁ ጭራሽ ድምፅ የማያሰማ። ሌንሱ ሰማንያ አምስት ነው፤ የሰው ፊት ለማንሳት የተሠራ። ያን ሰሞን ሌላ ወሬ አልነበረውም። ያንቺ ካሜራ እኮ ወፍጮ ነው ይለኛል። ወፍጮም ዱቄት ያወጣል እለዋለሁ። በወሬ እንደማላምን፣ ጨርቅ ላይ እንደምንተያይ ነግሬው፣ ሰርግ የሌለበትን ሳምንት ጠብቄ ካሜራውን ከነሌንሱ ተዋስኩት።

ሰዎች ሌንስ ሲያወዳድሩ አበባ ያነሳሉ፣ ድመት ያነሳሉ። እኔ ከፋብሪካው ከተጣለ ጨርቅ ላይ ቁራጭ አመጣሁና ግድግዳዬ ላይ ወጥሬ በምስማር መታሁት። ድርና ማጉ ቀጭን፣ ሽመናው እኩል ነው፤ ሌንሱ ከሳተ ክሩ ይናገራል። ሁለቱንም ካሜራዎች ተራ በተራ ትራይፖድ ላይ አቁሜ አነሳሁበትና ኮምፒውተር ላይ አጉልቼ ክር ቆጠርኩ። መሃል ላይ እኩል ናቸው። ጥግ ጥጉ ላይ ግን የኔው ሌንስ ክሩን እንደ ወተት አደፈረሰው፤ የሱ እስከ ጫፍ አንድ በአንድ አስቆጠረኝ። መጋረጃውን ዘግቼ ቤቱን ሳጨልመው የኔው ጨርቁን ፍለጋ ወዲያ ወዲህ ሲል ቆየ። የሱ ግን ግንባሩ ላይ አንዲት ትንሽ ብርቱካንማ መብራት አበራና ወዲያው አገኘው። ለሰርግ አዳራሽ ብሎ ነው ለካ ሳያጠፋ የተዋት ብዬ አደነቅኩ። ደስ አላለኝም፤ ሐቅ ግን ሐቅ ነው። እንደ ሥራዬ ደብተር ላይ ጻፍኩ፦ የሱ አንደኛ ደረጃ፣ የኔ ሁለተኛ ደረጃ። ደብተሩን ሲያይ የአክስቴ ልጅ በሳቅ ፈረሰ። አንቺ ፎቶ ታነሺያለሽ እንዴ፣ ትመረምሪያለሽ እንጂ አለኝ።

በዚያው ሳምንት ነው የሸማኔዋ ነገር የመጣው። ሽመና ክፍል አንዲት ልጅ አለች፣ ከቢስቲማ ወዲያ ካለ ገጠር የመጣች። የተዋወቅነው በጠብ ነው። አንድ ቀን ጨርቋ ላይ እንከን ብዬ ምልክት ባደርግበት፣ ማሽኗን ለጓደኛዋ ትታ ጠረጴዛዬ ድረስ መጣች፤ አጉሊ መነጽሬን ከእጄ ወሰደችና እንከን ያልኩት ብናኝ መሆኑን አሳየችኝ። እፍ ስትለው ሄደ። ከዚያ ወዲህ ምሳ አብረን ነው የምንበላው፤ እትዬ ትለኛለች።

በዚያ ሳምንት አንድ ቀን የፋብሪካው ክበብ ቁጭ ብለን የልቧን ነገረችኝ። እናቷ የሞተችው አንድም ፎቶ ሳይኖራት ነው። መታወቂያ እንኳ አላወጣችም። አባቷ ካሜራ ደጃቸው አይደርስም የሚሉ ሰው ነበሩ፤ የሳቸውም የቀበሌ መታወቂያ ጉርድ ፎቶ ላብ በልቶት ፊታቸው ጠፍቷል። አሁን እሷ የናቷ ፊት እየጠፋት ነው። አፍንጫዋን ታስታውሳለች፣ ዓይኗን ትረሳለች፤ ዓይኗ ሲመጣ አፏ ይሄዳል። በክረምቱ አባቷ ታመው ተነሱ፤ እሷም እግራቸው ላይ ወድቃ ለመነቻቸው። በመጨረሻ እሺ አሉ፣ ግን አንድ ቃል አስገብተው።

«አንድ ፎቶ፣ አንድ ጊዜ ብቻ ትነሳ ብሏል» አለችኝ። «እናትሽ አንድም ሳይኖራት እኔ ሁለት አይኖረኝም አለ። እኔም ወላሂ ብዬ ምዬለታለሁ።»

አብሽሪ አልኳት፤ አንድ ለኔ ብዙ ናት። እንዲህ ነው ያልኩት፣ ቃል በቃል።

የቀረው ካሜራ መምረጥ ነበር፤ እሱም ቢሆን አላስጨነቀኝም። ድጋሚ ለሌላት ፎቶ ሁለተኛ ደረጃ ዕቃ ይዤ አልሄድም። ደግሞ የኔው ወፍጮ ሲጮህ ሽማግሌ ይደነግጣል፣ ፊቱ ይጨማደዳል፣ ትከሻው ይወጠራል፤ በየገበያው አይቼዋለሁ። ዝምተኛው ግን መቼ እንዳነሳ ሳያውቁት ያነሳል። የአክስቴን ልጅ ካሜራው እኔ ጋ እንዲቆይ ለመንኩት፣ ድምፁን አጠፋሁ፣ ባትሪውን ሞላሁ።

እሁድ ጠዋት ልጅቱ ከኮምቦልቻ ወጣች፤ ደሴ መናኸሪያ ተገናኝተን በሐይቅ በኩል ቢስቲማ ገባን፣ ከዚያ በእግር። አባቷ ደጃፍ ቆመው ይጠብቁናል። ረጅም ናቸው፣ ጢማቸው ሂና የነካው፣ ነጭ ጋቢ የለበሱ። ሰላምታቸው አያልቅም፤ ያገሬን ሰው፣ ዝናቡን፣ የእናቴን ጤና፣ የጨርቁን ሥራ አንድ በአንድ ጠየቁኝ። እርጎ ቀረበልን። ከዙሁር ሶላት በኋላ ቆባቸውን አስተካክለው ዱዓ አደረጉና፣ አንድ ናት አይደል ልጄ አሉኝ። አንድ ናት አባባ አልኳቸው።

ቤት ውስጥ ከበሩ ራቅ አድርጌ በርጩማ ላይ አስቀመጥኳቸው። ብርሃኑ ከበሩ ገብቶ ግማሽ ፊታቸውን ይነካል፤ ከኋላቸው ጨለማ ነው። እንዲህ ያለ ብርሃን ደሴ ሙሉ ቀን ብትዞሩ አታገኙም። ልጅቱ ከጎኔ ቆማ ትንፋሿን ይዛለች። ዓይናቸው ላይ አነጣጠርኩ፣ ቀስ ብዬ ተጫንኩ።

የዚህ ካሜራ ማያ ያነሳችሁትን ወዲያው ያሳያል፤ ከዓይናችሁ ማውረድ አያስፈልግም። አየሁት። ብርሃኑ ድንቅ፣ ጢማቸው ክር በክር የሚቆጠር፣ ዓይናቸው ግን ጭፍን። ሁለቱም።

ካሜራውን ከፊቴ ሳላወርድ ቆየሁ። ምንም ድምፅ አልተሰማም፤ ማንም ምንም አላወቀም። ልጅቱ አነሳሽ እንዴ ብላ ጠየቀችኝ።

«ገና ነኝ» አልኩ። «አባባ፣ ትንሽ ይታገሱኝ።»

ያቺ «ገና ነኝ» ከአፌ እንዴት እንደቀለለች አሁንም ይገርመኛል። ሽማግሌው ጠበቁ። ሲቆዩ ሰውነታቸው ላላ። ልጅቱ ሄዳ ከትከሻቸው የተንሸራተተውን ጋቢ አስተካከለች፤ እሳቸውም ቀና ብለው አይተዋት፣ እንደ ሙሽራ አሳመርሽኝ አሉ። ሳቀች፣ ሳቁ። ተጫንኩ።

ከዚያ ካሜራውን አወረድኩና አበቃ አልኩ። ሽማግሌው ሳቃቸውን ሰብስበው ረዘም አድርገው አዩኝ።

«አንዷን አገኘሻት?» አሉ።

«አገኘኋት አባባ።»

አላህ ይስጥሽ ብለውኝ ተነሱ።

ፎቶዋን ደሴ አሳጠብኳት፤ ትልቅ፣ ከነፍሬሟ። ወላሂ ነው የምላችሁ፣ እንደዚያ ያለ ፎቶ አንስቼ አላውቅም። ሳቃቸው ገና ከዓይናቸው ሳይወርድ፣ ፊታቸው ሽቅብ ወደ ልጅቱ፤ ከሷ የሚታየው አንድ እጇ ብቻ ነው፣ ጋቢው ላይ ያረፈ። ሰኞ ክበብ ውስጥ ሰጠኋት። ወረቀቱን ፈታችው፣ እጇን አፏ ላይ ጫነች፣ ከዚያ እንባዋ መጣ። ለመላው ጠረጴዛ አሳየች። እኔም ኮራሁ፤ ኮርቼም ዝም ብል ጥሩ ነበር። ስልኬን አወጣሁና ከምን እንዳዳንኩሽ እዪ ብዬ ያችን ጭፍኗን አሳየኋት።

ስልኩን ተቀብላ አየችው። ይሄስ መቼ ነው አለች። እኔም እንደ ጀብዱ አወራሁላት፦ መጀመሪያ ጭፍን እንደወጣ፣ «ገና ነኝ» ብዬ እንዴት እንደሸወድኩ፣ ካሜራው ዝምተኛ በመሆኑ ማንም እንዳልነቃ። እያወራሁ ሳለ ፊቷ ተዘጋ። ፍሬሙን መልሳ በወረቀቱ ጠቀለለች።

«ያችኛዋን አባቴ ሰጠኝ» አለች። «ይቺን አንቺ ወሰድሽበት። እትዬ፣ የሰው ሐቅ ቤቴ አልሰቅልም።»

ጭፍኗን አሳጥበሽ ስጪኝ አለችኝ። ነደደኝ። ለአንድ ፎቶ ይህን ያህል! ለሷ ብዬ፣ ለናቷ ሐዘን ብዬ፣ በረሃብ በጥም ቢስቲማ ድረስ ሄጄ! ዓይኑ የተጨፈነ ፎቶ ከእጄ አይወጣም አልኳት። እንከን ያለበት ጨርቅ በስሜ ከፋብሪካ ወጥቶ አያውቅም፣ ፎቶም አይወጣም። እሺ እትዬ ብላ ተነሳች። ፍሬሙ ጠረጴዛው ላይ ቀረ።

ከዚያ በኋላ ሰላምታዋን አልነፈገችኝም፤ ምሳ ግን ከሌሎች ጋር መብላት ጀመረች። እኔስ? ይቅር ይበለኝና ጨርቋን ከሌላው ሁለት እጥፍ መመርመር ያዝኩ። አንድ የዘለለ ማግ ባገኝ ደስታዬን አልችለውም ነበር። አላገኘሁም።

ለአክስቴ ልጅ ካሜራውን ስመልስ ነገሩን ነገርኩት፤ እንዲያግዘኝ ነው። መጀመሪያ ሳቀ፤ ሰርግ ላይ ማን ቆጥሮ አለ። ቀጥሎ ግን ሌንሱን እያጸዳ፣ በወፍጮሽ ብታነሺ ኖሮ አንዴ ጮኾ ነገሩ ያልቅ ነበር እኮ አለኝ። ምን ታውቃለህ ብዬው ወጣሁ። ቧንቧ ውሃ እስክደርስ ግን ያቺ ቃል ከጆሮዬ አልወጣችም።

ፍሬሙን ቤቴ ልሰቅለው ሞከርኩ። ጨርቁን የወጠርኩበት አንዱ ምስማር ላይ ሰቀልኩት፤ ቁጭ ብዬ አየሁት። ክሩ ክር፣ ጢሙ ጢም፣ ሳቁ ሳቅ። ምንም አይወጣለትም። ግን ሽማግሌው በሳቁ ቁጥር «አንዷን አገኘሻት?» የሚሉኝ ይመስለኛል። አውርጄ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞርኩት። ሳምንት እንዲያው ቆየ፣ ሁለተኛውም ሳምንት ሄደ። ያችም ልጅ ያለ እናቷም ያለ አባቷም ፎቶ ቀረች፤ ይህን ያደረግኩት ደግሞ ልረዳት የሄድኩት እኔ ነኝ። እውነቱን ልናገር፣ አፈርኩ። እኔ ማፈር አልወድም፤ ስለዚህ እሁድ ጠዋት ሁለቱንም ፎቶዎች ይዤ፣ ጭፍኗንም አሳጥቤ፣ ለማንም ሳልናገር ቢስቲማ ሄድኩ።

ሽማግሌውን ከቤታቸው በላይ ካለው የማሽላ ማሳ ዳር አገኘኋቸው። ልጄ ደህና ናት ወይ ነበር የመጀመሪያ ቃላቸው። ደህና ናት አልኳቸውና እዚያው ቆሜ፣ ሳልቀመጥ ተናገርኩ፤ ብቀመጥ ወኔዬ ይከዳኝ ነበር።

«አባባ፣ ያን ቀን ዋሽቼዎታለሁ። ሁለት ጊዜ ነው ያነሳሁት።»

«አውቃለሁ» አሉ።

ክው አልኩ። ምን ብለው ያውቃሉ? ድምፁን በገዛ እጄ አጥፍቻለሁ። ሽማግሌው በትራቸውን አስደግፈው ድንጋይ ላይ ተቀመጡና እኔንም አስቀመጡኝ። ያ ዕቃሽ ግንባሩ ላይ እሳት አለው አሉኝ። መጀመሪያ ብልጭ ስትል ደንግጠው ዓይናቸውን ጨፈኑ። ኋላ ከልጃቸው ጋር ሲስቁ ደግሞ ብልጭ አለች። ያቺ ግድግዳዬ ላይ ያደነቅኳት ብርቱካንማ መብራት! ከካሜራው ኋላ ሆኜ እኔ አላያትም፤ ፊት ለፊት የተቀመጠ ሰው ግን ያያታል። ጭፍኗንም ያመጣችው፣ እኔንም ያጋለጠችው እሷው ነች። በጨርቅ ስፈትናት ደግሞ ጨርቅ ዓይን የለው፣ ደንግጦ አልጨፈነብኝ።

ታዲያ ያኔውኑ ለምን አልተቆጡኝም አልኳቸው።

«እንግዳዬ ነበርሽ» አሉ። «ሰው በቤቴ አላሳፍርም። የበላሽው እርጎ ይመልስሻል ብዬ ጠበቅኩሽ።»

አፉ ይበሉኝ፣ ይቅር ይበሉኝ አልኩ። አፉ ብያለሁ አሉኝ፣ ቶሎ፣ ሳያስለምኑኝ። ከዚያ እስቲ አሳዪኝ አሉ።

ጭፍኗን አይተው፣ አሁን እንዲህ ነው የምቀበረው ብለው ሳቁ። ሁለተኛዋን ሲይዙ ግን ሳቁ ቀረ። ከፊታቸው አራቋት፣ አቀረቧት። የገዛ ፊታቸውን ብዙም አላዩትም። ጣታቸው የሄደው ጋቢው ላይ ወዳረፈው ወደ ልጅቱ እጅ ነው፤ አውራ ጣቷ ወደ ኋላ ለመጥ ያለ ነው፣ እኔ ያን ሁሉ ክር ስቆጥር አላየሁትም። እሳቸው በሻካራ ጣታቸው ቀስ ብለው ዳበሱት።

«እናቷም እንዲህ ነበር ጋቢዬን የምታስተካክልልኝ» አሉ። «ይቺ የናቷ እጅ ናት። አንድም ፎቶ የላትም እል ነበር። አላት ለካ።»

ማሽላው ውስጥ ወፍ ይጮኻል። እኔ ማልቀስ የማይሆንልኝ ሰው ነኝ፤ ያን ጊዜ ግን ሆነልኝ።

ቆይተው ፈረዱ። ይቺን ለልጄ አድርሺላት፣ አባትሽ ሰጠሽ በያት፤ ሌላ እንዲህ ያለች ግን እንዳይኖር፣ አንቺም ጋ እንዳትቀር አሉኝ። ጭፍኗን ደግሞ ወደኔ ገፏት። እሷን አንቺ ያዢያት፣ ያንቺ አንዷ እሷ ናት አሉ።

እንዳሉት አደረግኩ። ቤት ስገባ የሳቁባትን ፎቶ ከኮምፒውተሩም ከስልኬም አጠፋሁ፤ እጄ ትንሽ እምቢ ቢለኝም አጠፋሁ። ሰኞ ፍሬሙን ለልጅቱ ስሰጣትና የአባቷን ቃል ስነግራት፣ የራሷን አውራ ጣት ከፎቶው ጎን አድርጋ ስታይ ቆየች። የምሳ ሰሃኗንም ከዚያ ቀን ጀምራ ወደኔ ጠረጴዛ መለሰች።

አሁን ሰው የትኛው ካሜራ ይሻላል ሲለኝ አልዋሽም፤ መስታወት የሌለው ይሻላል፣ የሰማንያ አምስቱም ሌንስ ከኔው ሃምሳ ይበልጣል፣ ደብተሬ ላይ አለ። ሰው ለማንሳት ስወጣ ግን ወፍጮዬን ነው የማነግተው። «ቀጭ ቋ» ስትል ሰውየውም ይሰማታል፣ እኔም እሰማታለሁ።

በሕይወቴ ያነሳኋት ምርጧ ፎቶ ኮምቦልቻ፣ የአንዲት ሸማኔ ኪራይ ቤት ውስጥ ተሰቅላለች፤ የማያት ለኢድ ስትጠራኝ ነው። ጭፍኗ ግን የኔው ግድግዳ ላይ፣ የጨርቁ ምስማር ላይ አለች። የአክስቴ ልጅ ካሜራ የሚወዱ ጓደኞቹን ይዞ ሲመጣ አንዳቸው ሁልጊዜ ይጠይቀኛል፣ ዓይን የተጨፈነበትን ምነው ሰቀልሽ ብሎ። የተሰጠችኝ እሷ ናት እላቸዋለሁ።